ለአራስ የማይነገረው የዲስክ መርዶ

በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ የተዛነፈ ሊኖር ይችላል። ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ነው ብዬ ስጽፍ ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «ሰኞ ነው፤ ልብስ ያጠብኩበት ቀን ነው» አለችኝ። እኔ ግን ማክሰኞ ይመስለኛል። ስለዚህ ማክሰኞ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፤ ሰኞ ሆኖ ከተገኘም አስቀድሜ ያስጠነቀቅኳችሁ መሆኑን አትርሱ። በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው አይወቀስም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ክፉ ወሬ በመንገር የሚያህለን ያለ አይመስለኝም። በመንገር ስል ባለመንገር ማለቴ ነው። «ሞተ» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ለዶሮና ለመኪና ባትሪ ብቻ ነው። ሰው ሲሆን መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» እንላለን። ቀጥሎ «ጠንከር ብሎበታል»። ከዚያ ዘመድ ከዘመድ ይመካከራል፣ ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር ይባላል፣ በመጨረሻም ንጋት ላይ፣ ባለመርዶው ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሦስት አራት ሽማግሌ በሩ ላይ ሄዶ ይቆማል። ማንም ምንም አይልም። ሰውየው ፊታቸውን ያያል፤ አለቀ። እኔ ራሴ አንድ ጎረቤታችን ከተቀበረ በአራተኛው ቀን «እየተሻለው ነው» ሲባልለት ሰምቻለሁ። ሐዋሳ ላለች እህቱ ነው በስልክ የተነገራት። አዝነውላት ነው።

ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ለአራስ ክፉ ወሬ አይነገርም። አራስ ከደነገጠች ጡቷ ይደርቃል ይባላል። ሐኪሞች ይህን ይመኑ አይመኑ አላውቅም፤ እኔ ግን በሰው ጡት ላይ ሙከራ የምደፍር ሰው አይደለሁም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ይቺን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ እኔ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ ንብረት ክፍል ነበርኩ። አባላቱ በአቅራቢያው ያሉት የላንቴና የጫኖ መንደሮች ሙዝ አምራቾች ናቸው። የማኅበሩ ሥራ አንድ ነው፤ የውሃ ተራ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቦዩን ወደ ማሳው እንደሚከፍት የሚለይ ረጅም ዝርዝር አለ። ሙዝ የሚጠጣውን ያህል ከብት እንኳ አይጠጣም። በበጋ ያ ዝርዝር ጠፋ ማለት አብሮ አደግ ከአብሮ አደጉ ጋር አካፋ ይዞ ቦይ ላይ ተፋጠጠ ማለት ነው። ቀድሞ ዝርዝሩ የሚያዝበት መዝገብ ነበረ፤ ምስጥ በላው። ምስጡ ከላንቴ ጀምሮ ስለበላ የጫኖ ሰዎች ለጊዜው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ለእነሱም ደረሳቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ፕሮጀክት ዘመኑ ሲያልቅ ሰርቨር የሚባል ማሽን ትቶልን ሄደ። ያረጀ ነው፤ ያንኮራፋል። ሆዱ ውስጥ አምስት ዲስኮች በመሳቢያ በመሳቢያ ተደርድረው ገብተዋል፤ ዝርዝሩ ያለው እነሱ ላይ ነው። ማርታ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያችን እንዳስረዳችኝ አራቱ ይሠራሉ፣ አምስተኛው ተጠባባቂ ነው። እኔም በመሥሪያ ቤት ኑሮዬ ተጠባባቂ የሚባል ብዙ ሠራተኛ አይቻለሁና ከዚያ በኋላ አምስተኛውን ከቁጥር አላስገባሁትም።

ሊቀመንበራችን አቶ ማዳልቾ የዲስኮቹ ጤና በትልቅ ቴሌቪዥን፣ በቀይና በአረንጓዴ፣ ግድግዳው ላይ እንዲታይለት ይፈልግ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ያምራል ብሎ። ማርታ እምቢ አለች።

«ጋሽ ማዳልቾ፣ ማሽኑ አቅም የለውም። ያን ሁሉ ሥዕል ከጫንንበት ሲስል ውሎ ሥራውን ይረሳዋል።»

እሷ ያስገባችው ቀላል ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ «ጤና» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ፤ ቃሉን እንዲህ ያደረገችው እኔ እንዳልረሳው ነው። ከዚያ ትልቁን ቁልፍ እጫናለሁ። ማሽኑ ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ዝም ይላል። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ልክ እንደ ጨዋ እንግዳ በር ላይ ቆሞ የጠየቁትን ይመልሳል፤ ግባ ቢሉትም አይገባም። ከመስመሮቹ ውስጥ እኔ የማየው መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ፊደሎች ነው። በእንግሊዝኛ ዩ ናቸው አሉ፤ ለእኔ ግን የገዛ ራሳችን ሀ ናቸው፤ ልዩነቱ አይታየኝም። አራቱም ዲስኮች ጤነኛ ከሆኑ «ሀሀሀሀ» ይላል።

ይስቃል ማለት ነው።

ማርታ የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ይህን አደራ ለእኔ ሰጠችኝ። ከእኔ የተማረ ሞልቶ ሳለ ለምን ለእኔ ቢባል፣ «ጋሼ ኦይቻ፣ እርስዎ ያልተባሉትን አይነኩም» አለችኝ። ሰው ፍርሃቴን እንደ ሙያ ሲቆጥርልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በየጠዋቱ ጤናውን እጠይቃለሁ፣ በደብተሬ ላይ «ስቋል» ብዬ ቀኑን እጽፋለሁ። ደብተሩን ሰው ቢያየው የማን ሳቅ ነው የሚመዘገበው ማለቱ አይቀርም፤ ማንም ግን አላየውም።

ማርታ ጫኖ እናቷ ቤት ሄዳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በሳምንቱ ግድም፣ ማክሰኞ (ወይም ሰኞ)፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ጤናውን ብጠይቀው «ሀሀ_ሀ» አለኝ።

ጥርሱ ወልቋል። መሀል ሳቁ ላይ።

ደግሜ ጠየቅኩት። «ሀሀ_ሀ።» መነጽሬን ጠርጌ ጠየቅኩት። ያው ነው። ይባስ ብሎ ከሥሩ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው አንድ መስመር መጥቷል፤ ቅንፍ ውስጥ ጭረቶች ተደርድረው ከፊታቸው አንዲት ትንሽ ቀስት፣ ከጎኗ አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና «8%» የሚል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀስቷ ወደ ፊት ተራምዳ 9 ሆናለች። ከምሳ በኋላ 17። ገባኝ። ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል፤ በሽታው ደግሞ ወደ ቀሩት እየተዛመተ ነው። ያን ቀን ጤናውን ስልሳ ጊዜ ሳልጠይቀው አልቀረሁም። ሊቀመንበሩ የሚመኘው ባለ ሥዕሉ ነገር ቢሆን ኖሮ በእኔ ጥያቄ ብዛት ብቻ ማሽኑ ያልቅለት ነበር፤ ይሄኛው ግን ስልሳውንም ጊዜ ሳይሰለች መለሰልኝ። ያው መልስ፣ ከፍ ያለ ቁጥር።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማርታ እንደ ልማዷ ደወለች።

«ጋሼ ኦይቻ፣ ማሽኔ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው ልጄ። አንቺስ? ሕፃኑስ ይጠባል?»

«ይጠባል። አራቱም አሉ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አራስ ናት። ሕፃኑ ጡት ላይ ነው፤ ሲጠባ በስልኩ ይሰማኛል።

«አለ... ያው ትንሽ ድካም ቢጤ አለ እንጂ ደህና ናቸው» አልኳት። «ሰላም ይሉሻል።»

ስቃ ዘጋችው። እኔ ቁጭ አልኩ። ቀስቷ 41 ላይ ነበረች።

ለአቶ ማዳልቾ ነገርኩት። ለእሱ በቀጥታ ነው የነገርኩት፤ ጡት አያጠባም። ቅዳሜ የበጋው የውሃ ተራ ለአባላት የሚነበብበት ቀን ስለሆነ እሱም ፊቱ ተለወጠ።

«እናጥፋው» አለ። «ካጠፋነው በሽታው ባለበት ይቆማል። ይረፍ።»

«ማርታ ሳትፈቅድ?»

«ንገራት ታዲያ!»

«አራስ ናት!»

አሰበ። የማሽኑን የይለፍ ቃል የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ሌላ ባለሙያ ብንጠራም ከበር ይመለሳል። በመጨረሻም እንዲህ ሲል ወሰነ፦ «እስከ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ድረስ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ነግረሃት መልስ ካላመጣህ ሠራተኛውን ሰብስቤ አጠፋዋለሁ። የክፍሉን ቁልፍ አምጣ።» ማታ ከሥራ ስወጣ ቁልፉን አስፈርሜ ሰጠሁት።

ስለዚህ በወጉ ሊነገራት ነው። አጥቢያችን ያለውን ወንጌላዊ ጳውሎስን ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ሦስተኛው ሰው ጎረቤቴ ሻንካ ነው። ሻንካ ፊቱ ከተፈጥሮው ያዘነ ስለሆነ ሰፈራችን ውስጥ ያለ እሱ መርዶ አይነገርም፤ በሠርግ ላይ ግን ብዙም አንጠራውም። ለማን እንደምናለቅስ ሁለቱም በደንብ የገባቸው አይመስለኝም። «የሥራ ጉዳይ ነው፤ ሦስተኛው አርፏል» ብያቸው ነበር፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። የአራስ ቤት በባዶ እጅ አይኬድምና አንድ እጅ ሙዝ ገዝቼ ያዝኩ። ወደ ጫኖ ሙዝ ይዞ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ልቡ እንደተረበሸ ገምቱት።

ሐሙስ ንጋት ላይ ደረስን። የማርታ እናት እትዬ አየለች ጀሪካን ይዘው ከግቢ ሲወጡ ሦስታችንን ጋቢያችንን ተከናንበን በሩ ላይ አገኙን።

«ደህና አደራችሁ?»

ዝም አልን። ወጉ እንዲያ ነው።

«ምነው? ምነው ዝም አላችሁ?»

ሻንካ በረጅሙ ተነፈሰ። ወንጌላዊ ጳውሎስ ጉሮሮውን ጠረገና «እህቴ አየለች፣ እስቲ ቁጭ በይ» አላቸው።

ይህችን ቃል እዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። በንጋት ሽማግሌ ቁጭ በይ ካለ፣ ከመቀመጡ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይኔ ዮናስ! ወይኔ የልጄ ባል! ያንን ፍሬን የሌለው መኪና ተው ብዬው ነበር! ወይኔ!»

ዮናስ የማርታ ባል ነው፤ የሙዝ መኪና ሹፌር። እኔ «አይደለም፣ አይደለም» ልል አፌን ስከፍት ጎረቤት በአጥሩ ላይ እየተሻገረ ደርሷል። ጫኖ ሰው ለልቅሶ አይዘገይም። አንዲት ሴትዮ የዮናስን ደግነት እየዘረዘረች ደረቷን ትመታለች፤ አንድ ሰውዬ «ትናንት አይደል እንዴ ሰላም ያለኝ» እያለ መሬቱን በዱላው ይደበድባል። በዚህ መሀል የቤቱ በር ተከፈተና ዮናስ ራሱ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ አንዱ ባዶ፣ መፋቂያ አፉ ውስጥ፣ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም ያለቅሳል። እሱም መፋቂያውን አውጥቶ አለቀሰ።

እትዬ አየለች እየተንገዳገዱ ሄደው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙና «ወይኔ ዮናስ! ወይኔ ዮናስዬ!» አሉት። ጥቂት ቆይተው የያዙትን ነገር ቀና ብለው አዩ። ልቅሶው በመሀል ተቆረጠ። ከዚያ ዞረው እኛን ሲያዩን በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስተያየት አላየሁም።

«ጌታ ይገስጻችሁ! ጌታ ይገስጻችሁ እናንተ ሽማግሌዎች! ማንን ነው የገደላችሁብኝ?»

ማርታ ሕፃኑን በነጠላ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ጋሼ ኦይቻ! ምንድን ነው የሆነው?»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አይቻልም። ሙዙን መሬት አስቀመጥኩ።

«ልጄ፣ አትደንግጪ። ሦስተኛው ነው።»

«ሦስተኛው ምን?»

«ከአራቱ። ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈ። ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፤ ጡትሽን አስቤ ነው።»

ማርታ አየችኝ። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። ሳቀች። በሩን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ «ወይኔ ስፌቴን!» እያለች ሳቀች። ሕፃኑ ከነነጠላው ይወዛወዛል።

«ዲስክ ነው?» አለ ዮናስ ዓይኑን እየጠረገ። «ለዲስክ ነው ያለቀስኩት?»

«አንተስ ይሁን» አሉ እትዬ አየለች፣ «እኔ ለአንተ ነው ያለቀስኩት። እንባዬን ማን ይመልስልኛል?»

አሁን ልብ በሉ፣ ልቅሶ ማስነሳት ቀላል ነው፤ ማስቆሙ ግን አይጣል ነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደሩን ስለዞረ ሰው በየአቅጣጫው እያለቀሰ ይመጣል። እያንዳንዱን ተቀብሎ ዮናስን ማሳየት፣ እንዲነካው ማድረግ፣ ስለ ዲስክ ማስረዳት፣ ከዚያ ማስቀመጥ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ማርታ ደብተሬን የጠየቀችኝ።

«ከሥሩ የመጣ ሌላ ነገር አለ?»

«አለ። ቀስት አለች። ማክሰኞ ከስምንት ተነሥታ ትናንት ከሥራ ስወጣ ሰማንያ ሦስት ደርሳ ነበር። እየጨረሰችን ነው።»

ደብተሩን አየች። «ጋሼ፣ ይቺ በሽታው አይደለችም፤ መዳኑ ናት። ሦስተኛው ሲሞት አምስተኛው፣ ተጠባባቂው፣ ሳይጠራ ገብቷል። የቀሩት ሦስቱ ተሰብስበው የሟቹን ነገር ሁሉ እየነገሩት ነው። ቀስቷ ምን ያህል እንደነገሩት ነው የምታሳየው።»

እንግዲህ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስልሳ ጊዜ እየጠየቅኩ ያለቀስኩት ለፈውስ ነበር። ያንን ሥራ ፈት ያልኩትን አምስተኛውንም በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ብቻ በዚህ መሀል ማንም እንዳያጠፋው» አለች ማርታ። «ዲስኮቹ አርጅተዋል፤ አንዴ ከቆሙ ላይነሱ ይችላሉ። አንድ ተጨማሪ ከሄደ ዝርዝሩ የለም። ማንም አይነካውም አይደል?»

ሰዓቴን አየሁ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ ያጠፋዋል» አልኳት።

ደወልን። የማሽኑ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ አይገባም። ደግመን ደወልን። ዮናስ አንዱን ካልሲ እንኳ ሳያደርግ መኪናውን አስነሳ። «ፍሬን አለው?» አልኩት ስሳፈር። «አሁን ለማቆም ነው ወይስ ለመድረስ ነው የቸኮልከው?» አለኝ። እትዬ አየለች ከኋላችን «አሁን የምር ግደለውና በወጉ አለቅስለታለሁ!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ፍየል፣ ባጃጅ፣ የሙዝ ጋሪ፣ ደግሞ ፍየል። ሲቀላ ስንገባ ሦስት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሆኗል። ላንቴ ያሉት ሰዎች አካፋቸውን ሲስሉ በዓይነ ሕሊናዬ ታዩኝ።

የማሽኑን ክፍል ስከፍት ሠራተኛው በሙሉ ቆሟል። አቶ ማዳልቾ አንድ እጁን የኤሌክትሪኩ ሶኬት ላይ አድርጎ፣ በሌላው ወረቀት ይዞ ንግግር ያደርጋል። ሰውየው በር እንኳ ያለ ንግግር የሚዘጋ አይደለም። «...ማኅበራችን ከተመሠረተበት ዕለት ጀምሮ ያሳለፍነውን ውጣ ውረድ ስንመለከት...» ይላል። ገና የምስጡ ዘመን ላይ ነው የደረሰው። ከዚያ በፊት በንግግሩ ርዝመት ሳማርር እኖር ነበር፤ ከዚያ በኋላ አማርሬ አላውቅም።

«እንዳትነካው!» አልኩ።

«ንግግሬን ልጨርስ፣ ኦይቻ።»

«ጨርስ። እጅህን ብቻ አንሳ።»

እጁን አነሣ፤ ማንበቡን ግን ቀጠለ። እኔ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሄጄ «ጤና» ብዬ ጻፍኩ። 99። ጠበቅሁ። ደግሜ ጻፍኩ። 99። ዮናስ ከኋላዬ በአንድ ካልሲው ቆሞ ይተነፍሳል። ንግግሩ ወደ ወደፊት ዕቅድ ተሸጋገረ። ደግሜ ጻፍኩ።

«ሀሀሀሀ።»

ቀስቷ የለችም። ደብተሬን አውጥቼ «ስቋል» ብዬ ጻፍኩና ቀና ስል ሁሉም ያጨበጭባል። አቶ ማዳልቾ ለንግግሩ መስሎት እጅ ነሣ። ቅዳሜ የውሃው ተራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስም ተነበበ፤ አካፋ ያነሣ የለም። የማርታም ጡት አልደረቀም። እናቷ እንዳሉት ከሆነ ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ ልጁ ጠጥቶ አይጨርሰውም ነበር።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሲቀላ ገበያ ማንጎ ስመርጥ እትዬ አየለችን አገኘኋቸው፤ የማርታን ልጅ አዝለውታል፤ እግሩ ጎናቸውን አልፎ ተንጠልጥሏል። ይቅር ብለውኛል፤ ማለቴ ከሩቅ አልሰደቡኝም። ስለ ማሽኑ ጠየቅኳቸው። ማርታ ከወሊድ ስትመለስ ማንም ሰው መሀል እንዳይገባ አድርጋ ማሽኑ ራሱ ወደ ስልኳ መልእክት እንዲልክ አድርጋዋለች አሉኝ።

«ትናንት ምሳ ላይ ስልኳ ጮኸ» አሉ። «አየችውና ‹አንዱ ሞቷል› አለች።»

«እንዲሁ በቀጥታ? ማንም ሳይቀመጥ?»

«እንዲሁ በቀጥታ። ከዚያ ‹እማ፣ ዳቦውን አቀብዪኝ› አለችኝ።»

አንዲት አራት ቃል የሌላት መልእክት፤ ሻንካ የለ፣ ወንጌላዊ የለ፣ ቁጭ በይ የለ። ሥራው ግን እንደተሠራ አልክድም።

«የትኛው ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ? አልጠየቅኳትም» አሉና ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ባርኔጣዬን አውልቄ ማንጎው አጠገብ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ምንም አልሰማሁም።